ሆድ ሲነፋ ቢሰነብት



ከማኅፀን ግራና ቀኝ ዕንቁላል የሚያፈሩ ሁለት እንቁልጢዎች አሉ። በእነርሱ ላይ የሚነሣው ካንሰር አመጣጡ ስውር ስለ ሆነ፣ ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው በሆድ ውስጥ ከተሠራጨ በኋላ ነው። ምልክቶቹ የዘወትር ሕመም ይመስላሉ፤ ሆድ ይነፋል፣ ጥቂት ቀምሶ መጥገብ ይመጣል፣ ከእንብርት በታች ያማል፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይላል። እኅታችንም «ጨጓራዬ ነው» እያለች ወራት ታሳልፋለች። በእርግጥ ብዙ ጊዜ ጨጓራ ነው! ልዩነቱ በመመላለሱ ነው። ሕመሙ አዲስ ሆኖ በወር ከ12 ጊዜ በላይ ከተመላለሰባት ሐኪም ይያት፤ ይልቁንም ዕድሜዋ ከ50 ካለፈ፣ ወይም እናቷ ወይም እኅቷ በዚሁ ወይም በጡት ካንሰር ታመው ከነበረ።

የማኅፀን በር ምርመራ ይህን በሽታ ለማግኘት የሚደረግ አይደለም። ጤነኞችን ሁሉ እንመርምር እንዳንልም፣ በብሪታንያ ከ200,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ውጤት፣ የደምና የአልትራሳውንድ ምርመራ በዚህ በሽታ የሚሞቱትን ቍጥር አልቀነሰም።

«በጸሎት ቆዪ» ብለን ብቻ አናዘግያት፤ ሉቃስም ሐኪም ነበረ። የሴቶች ኅብረት መሪዎች ሆይ፣ ያመማትን ቀን በወረቀት እንድትመዘግብ እርዷት፤ ወደ ሐኪም ቤት ስትሄድም አብራችኋት ሂዱ።