እኛ የደሴ ልጆች ነን እንጂ የደሴት አይደለንም

ቆዪ፣ ቆዪ ሚጡ! እስክሪብቶውን አንሺው። እጅሽ ሁለተኛዋ ሳጥን ላይ የሄደው «ናሽናል» የሚል ቃል ስላየሽ ነው አይደል? ኤርፖርት ላይ «ናሽናሊቲ» ሲሉሽ «ኢትዮጵያዊ» እያልሽ መጥተሽ እንዴት እፈርድብሻለሁ። ይሄ አይ-9 የሚባለው ቅጽ ግን የየት አገር ሰው እንደሆንሽ አይደለም የሚጠይቅሽ፤ አሜሪካ ውስጥ በምን መብት እንደምትሠሪ ነው። ያቺ ሳጥን ዜጋ ሳይሆኑ የአሜሪካ ናሽናል ለሆኑ ሰዎች ናት፤ በአብዛኛው አሜሪካን ሳሞዋ ለተወለዱ። ሳሞዋ ፓስፊክ ውቅያኖስ መሃል ናት። እኛ ደሴ እንጂ ደሴት ላይ አልተወለድንም።

ያንቺ ሦስተኛዋ ናት፤ ፐርማነንት ሬዚደንት። በዲቪ ገብተሽ ግሪን ካርድ ስለያዝሽ ሬዚደንት ነሽ፣ ሲቲዝን ግን አይደለሽም። ሁለቱን የሚያምታታው ሰው ብዛቱ! «ወረቀት አለኝ» ካለ በኋላ ሁሉም አንድ ይመስለዋል። ሬዚደንት ይኖራል፣ ይሠራል፣ ግብር ይከፍላል፤ ድምፅ ግን አይሰጥም። ሲቲዝን ለመሆን በአብዛኛው 5 ዓመት ትጠብቂያለሽ፤ ሲቲዝን አግብተሽ አብራችሁ ከኖራችሁ 3። ከዚያ ኤን-400 የሚባለውን ትሞያለሽ፣ ትፈተኛለሽ፣ መሐላ ትፈጽሚያለሽ። መሐላው እስኪያልቅ ድረስ ሬዚደንት ነሽ።

ለዚህ ነው ሴንትራል አቬኑ ላይ ወረቀት የያዘ ሰው አስቁሞሽ «እዚህ ነው የምትኖሪው? እንመዝግብሽ» ቢልሽ ቶሎ እንዳትፈርሚ የምልሽ። የመራጮች ምዝገባ ሊሆን ይችላል። የሚኒሶታው ቅጽ ገና ከላይ የሚጠይቀው ሲቲዝን መሆንሽን ነው። ያስቆመሽ ሰው ምንም ክፋት ላይኖረው ይችላል፤ ፊርማው ግን ያንቺ ነው። ከ1996ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ወዲህ ሳይሆኑ «ሲቲዝን ነኝ» ማለት ከአገር እስከ መባረር ያደርሳል። ኤን-400 ላይም «ሲቲዝን ነኝ ብለሽ ታውቂያለሽ?» የሚል ጥያቄ ይጠብቅሻል። እያስፈራራሁሽ አይደለም፣ ወላሂ። «ሬዚደንት ነኝ» ብለሽ ማለፍ ነው።

እስቲ የግብሩን ቅጽ፣ ደብሊው-4ን አምጪው። አዪዪ፣ «ዲፔንደንት» የሚለው ላይ እማዬን አስበሻት ነበር! የምንጦራት እኛ፣ የምንልክላት እኛ፤ በኛ ቤት ሕግ ልክ ነሽ። በታክስ ሕግ ግን ዲፔንደንት የሚባለው ሰው፣ ሌላው መስፈርት እንዳለ ሆኖ፣ የአሜሪካ ዜጋ ወይም ናሽናል (አየሽ፣ ሳሞዋ እዚህም አለች!) ወይም ነዋሪ መሆን አለበት፤ አለዚያም ካናዳ ወይ ሜክሲኮ የሚኖር። እማዬ ደሴ ተቀምጣ አትገባም። እኔ ይሄን ሕግ አልወደውም፤ ወላጅ የሚጦር ሰው ሸክሙ በድንበር አይቀልለትም። ግን ሕግ ነው። ስሟ የሚገባበት ሌላ ቦታ አለ፦ መሥሪያ ቤቱ የሕይወት ኢንሹራንስ ከሰጠሽ «ቤኔፊሺያሪ» የሚል መስመር ታገኛለሽ። ዲፔንደንት አንቺ በሕይወት እያለሽ የምታስተዳድሪው ነው፤ ቤኔፊሺያሪ፣ ክፉ አይንካሽና፣ ካንቺ በኋላ ገንዘቡን የሚቀበለው። እሱ ላይ ደሴም ብትኖር እማዬን መጻፍ ትችያለሽ። ስሟን ፓስፖርቷ ላይ እንዳለው አድርገሽ ጻፊው፤ አንድ ፊደል ቢዛነፍ በኋላ ጣጣ ነው።

አድራሻውን አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው። ፖስታ ላይ «ሚኒያፖሊስ 55421» ተብሎ ሲመጣ ግራ አይግባሽ፤ ፖስታ ቤት ልማዱ ነው። ሲቲያችን ኮሎምቢያ ሃይትስ፣ ካውንቲያችን አኖካ ነው። ከ37ኛው አቬኑ ወዲያ ያሉት ጓደኞችሽ ሚኒያፖሊስ ስለሆኑ ካውንቲያቸው ሄነፒን ነው፤ እነሱ የሄዱበት የካውንቲ ቢሮ አብረሽ ብትሄጂ «ያንቺ እዚህ አይደለም» ብለው ይመልሱሻል።

በይ ፈርሚ። ቀኑን ስትጽፊ ወር ይቀድማል። ሥራ የምትጀምሪ ቀን ለአይ-9 ቅጹ ግሪን ካርድሽን ራሱን ያዢ፤ ፎቶ ኮፒ አይቀበሉሽም። ወይም የስቴት መታወቂያሽንና የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድሽን አብረሽ ማሳየት ትችያለሽ። «ግሪን ካርዱን ካላመጣሽ» ቢሉሽ ማስገደድ አይችሉም፤ ከተፈቀዱት ውስጥ የምትመርጪው አንቺ ነሽ። የዚያን ቀን ብትረሺው እንኳ 3 የሥራ ቀን አለሽ።