አንድ ሞኒተር፣ ሦስት ቀለም

በተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ ወደ መርካቶ በሚዘልቅ መንገድ ዳር፣ በአንዲት ጠባብ የኅትመት ሱቅ ውስጥ የሠርግ ጥሪ ካርድ እየተዘጋጀ ነው እንበል። ባለሙያው ከጠፍጣፋው ሞኒተር ፊት ለፊት ተቀምጧል። የሙሽራዋ እናት፣ ሌላ ወንበር የሚያስገባ ቦታ ስለሌለ፣ ከጎኑ ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ ናቸው። የሙሽራዋ ወንድም ከኋላ ቆሟል። የካርዱ ጠርዝ ለባለሙያው ወርቃማ ሆኖ ይታየዋል፤ ለእናትየው ወደ ቡናማ የጠቆረ ነው፤ ለቆመው ወጣት ደግሞ የገረጣ ቢጫ ነው። ባለሙያው የእናትየውን ቃል ሰምቶ ቀለሙን ቢያፈካውና አምስት መቶ ካርድ ቢያትም፣ ታትሞ የሚወጣው ማናቸውም ያላሰቡት ቀለም ይሆናል። ኪሳራው የማን ነው? ለዚህ ጥያቄ ሕግ ሳይሆን ፊዚክስ የሚሰጠው መልስ አለ፤ ሦስቱም ያዩትን በትክክል ተናግረዋል።

ጠረጴዛውን ይሞላ የነበረው ባለ ሆዱ የድሮ ሞኒተር ይህን ችግር አያውቀውም ነበር። በእርሱ ላይ ብርሃን የሚመነጨው በመስታወቱ ውስጠኛ ገጽ ከተቀባው ፎስፎር ነው፤ ፎስፎሩ በኤሌክትሮን ሲመታ በየአቅጣጫው ያበራልና ከፊትም ከጎንም ያየው ሰው ተቀራራቢ ቀለም ያገኛል። ባለ ፈሳሽ ክሪስታሉ ጠፍጣፋ ሞኒተር ግን ራሱ አያበራም። ከጀርባው ሁልጊዜ የበራ መብራት አለው፤ ቀደም ባሉት ሞኒተሮች ይህ መብራት ቀጭን የፍሎረሰንት ቱቦ ነው፣ በኋላ በመጡት ደግሞ ኤልኢዲ። የቀረው ሥራ ይህንን ብርሃን በየነጥቡ ማሳለፍ ወይም መከልከል ነው።

ማሳለፉና መከልከሉ እንዴት ይከናወናል? ከመብራት የሚወጣ ብርሃን በሁሉም አቅጣጫ የሚርገበገብ ሞገድ ነው። ፖላራይዘር የሚባለው ስስ ንጣፍ ከዚህ ውስጥ በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብቻ ያሳልፋል። ሁለት ፖላራይዘሮች እርስ በርስ በ90 ዲግሪ ተሻግረው ቢደራረቡ ብርሃን አያልፍም። በመካከላቸው ግን ጥቂት ማይክሮሜትር ውፍረት ያለው ፈሳሽ ክሪስታል ሲገባ ነገሩ ይለወጣል።

ፈሳሽ ክሪስታል እንደ ፈሳሽ ይፈስሳል፤ ሞለኪውሎቹ ግን እንደ ጠጣር በሥርዓት ይሰለፋሉ። ይህን እንግዳ ጠባይ እ.ኤ.አ. በ1888 በፕራግ ያስተዋለው ኦስትሪያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ፍሪድሪሽ ራይኒትዘር ነበር። ኮሌስተሪል ቤንዞዬት የተባለው ውሕድ በ145.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ቀልጦ ደፍራሳ ፈሳሽ ሆነ፤ በ178.5 ዲግሪ ደግሞ እንደገና ጠራ። አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ሲቀልጥ ማየት ማንንም ተመራማሪ ግራ ያጋባል። ከዚህ ግኝት እስከ ሞኒተር ያለው መንገድ ረጅም ነው። ማርቲን ሻትና ቮልፍጋንግ ሄልፍሪክ በስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1970 የቀየሱት ስልት «ትዊስትድ ኔማቲክ»፣ በአጭሩ ቲኤን ይባላል። በዚህ ስልት ዘንግ መሰል ሞለኪውሎች ከአንዱ መስታወት ወደ ሌላው እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ 90 ዲግሪ እየዞሩ ተጋድመዋል፤ የብርሃኑም ርግብግቢት አብሮ ስለሚዞር በሁለተኛው ፖላራይዘር ያልፋል። ኤሌክትሪክ ሲሰጣቸው ዘንጎቹ ቀና ይላሉ፣ ጠመዝማዛው ይፈታል፣ ብርሃኑም ይታገዳል። ሲጋደሙ ነጭ፣ ሲቆሙ ጥቁር ማለት ነው።

ችግሩ ያለው በነጭና በጥቁር መካከል ነው። ግራጫ ለማሳየት ዘንጎቹ በከፊል ብቻ ይነሣሉ፣ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ይዘምማሉ። ወደ እኛ የተቀሰረ ጦር ነጥብ መስሎ ይታያል፤ ያው ጦር ከጎን ሲታይ ርዝመቱ ይገለጣል። ብርሃንም እንዲሁ ነው፤ በዘንጉ ርዝመት አቅጣጫ ሲያልፍ ርግብግቢቱ አይለወጥም፣ ዘንጉን አቋርጦ ሲያልፍ ግን ይለወጣል። በተለመደው የቲኤን ሞኒተር ከበታች የሚያየው ሰው የዘመሙትን ዘንጎች ከጫፋቸው ያያቸዋል፤ ስለዚህ የቆሙ ያህል ይሆኑበትና ግራጫው ይጠቁርበታል። ከላይ የሚያየው በጎናቸው ስለሚያያቸው ብርሃን ይበዛበታል። ይበልጥ ዝቅ ብለን ብናይ ደግሞ ከእይታችን መስመር አልፈው የቆሙት ዘንጎች እንደገና ብርሃን ማሳለፍ ይጀምራሉ፤ ጠቆር ያለው ከፈካው በልጦ ይበራል፣ ምስሉም የፎቶግራፍ ኔጋቲቭ ይመስላል። ከግራና ከቀኝ ሲታይ ጉድለቱ ቀለል ይላል፤ የከፋው ከላይ ወደ ታች ባለው አቅጣጫ ነው።

አሁን የካርዱን ወርቃማ ጠርዝ እንመልከት። እያንዳንዱ ፒክስል ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ክፍል አለው። በወርቃማ ቀለም ቀዩ ወደ ሙሉ ይጠጋል፣ አረንጓዴው መካከለኛ ነው፣ ሰማያዊው ጥቂት ነው። የማያ አቅጣጫ ሲለወጥ እጅግ የሚናወጠው መካከለኛው ነውና ከበታች ሲታይ አረንጓዴው ከቀዩ ይበልጥ ይቀንሳል፤ ወርቁም ቡናማ ይሆናል። ከላይ ሲታይ አረንጓዴውና ሰማያዊው ከፍ ይላሉና ወርቁ ይገረጣል። በዚሁ ምክንያት ፎቶግራፍም ይጎዳል። የጠይም ፊት ቀለም ያለው ከመካከለኛው እስከ ጠቆር ባለው ክልል ውስጥ ስለሆነ ከበታች የሚያይ ሰው የፊቱን ቅርጽ ያጣዋል፤ ከላይ የሚያይ ደግሞ የነጭ ሸማን ሽመና ከሌላው ነጭ ለመለየት ይቸገራል። ለሠርግ አልበም ሠሪ ሁለቱም ቀላል አይደሉም።

ብቻውን የሚሠራ ሰውም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ባለ 17 ኢንች ሞኒተር፣ በ5 ለ4 ቅርጹ፣ ቁመቱ 27 ሴንቲሜትር ያህል ነው። በ50 ሴንቲሜትር ርቀት የተቀመጠ ሰው የላይኛውን ጠርዝና የታችኛውን ጠርዝ የሚያይባቸው አቅጣጫዎች በ30 ዲግሪ ይለያያሉ። ስለዚህ አንዱ ቀለም ከገጹ ራስጌ ሲሆንና ከግርጌ ሲሆን አንድ አይመስልም። የሚዳኘውን ቀለም ወደ ገጹ መካከል ማምጣት፣ ደንበኛን በባለሙያው ወንበር ላይ ማስቀመጥ፣ ከሁሉም በላይ በሚታተምበት ወረቀት ላይ አንድ ናሙና አውጥቶ ማስፈረም ከብዙ ጭቅጭቅ ያድናል።

በካርቶኑ ላይ የሚጻፈው «160 ዲግሪ» ታዲያ ምን ማለት ነው? በእኛ አስተያየት ይህ አኃዝ ገዢን ከመርዳት ይልቅ ያሳስታል። በተለመደው አለካክ የነጩ ብርሃን ከጥቁሩ ጋር ያለው ጥምርታ ወደ 10 ለ1 እስኪወርድ ድረስ ያለው አቅጣጫ ሁሉ «የሚታይ» ተብሎ ይቆጠራል፤ አንዳንድ አምራቾች እስከ 5 ለ1 ይወርዳሉ። ከፊት 500 ለ1 የሆነ ሞኒተር ሃምሳ እጥፍ እስኪደክም ድረስ ደህና ተባለ ማለት ነው። ስለ ቀለም መለወጥ ግን አኃዙ አንዳች አይናገርም።

የቀለሞቹ ብዛትም ሌላ ነገር አለው። ብዙ የቲኤን ሞኒተሮች ለእያንዳንዱ መሠረታዊ ቀለም 64 ደረጃ ብቻ አላቸው፤ ይህም ተባዝቶ 262,144 ቀለም ይሆናል። በሁለት አጎራባች ደረጃዎች መካከል በፍጥነት እያፈራረቁ ሦስት መካከለኛ ደረጃዎችን ለዓይን ያስመስላሉ፤ በዚህ ዘዴ 253 ደረጃ ይገኛል። የ«16.2 ሚሊዮን ቀለም» ምንጩ ይኸው ነው። እውነተኛው ባለ 256 ደረጃ ሞኒተር 16.7 ሚሊዮን ይላል። በሁለቱ አኃዞች መካከል ያለችው ትንሽ ልዩነት ለሚያውቃት ሰው ብዙ ትናገራለች።

መፍትሔው ዘንጎቹን ማቆሙን ትቶ ከመስታወቱ ጋር ትይዩ እንደተጋደሙ ማዞር ነው። ሂታቺ እ.ኤ.አ. በ1996 ለገበያ ያበቃው አይፒኤስ የተባለው ስልት እንዲህ ይሠራል፤ የዘመመ ጦር ስለሌለ ቀለሙ ከየአቅጣጫው ብዙም አይለወጥም። ቪኤ የተባለው ስልት በመካከል ይገኛል፤ ጥቁሩ እጅግ ጥልቅ ነው፣ ከጎን ሲታይ ግን ጠቆር ያሉት ቀለሞች ይፈካሉ። ዛሬ አይፒኤስ በርካሽ ሞኒተሮችም ላይ የተለመደ ቢሆንም፣ ባገለገሉ ሞኒተሮችና በርካሽ ላፕቶፖች መካከል ቲኤን አሁንም ይገኛል።

ገዢ የውስጡን ዓይነት ለማወቅ ሻጩን መጠየቅ አያስፈልገውም። ገጹን ሁሉ በጠቆረ ግራጫ ወይም በጠይም ፊት ፎቶግራፍ ሞልቶ፣ ከፊቱ ቁጢጥ ብሎ ወደ ላይ ይመልከት። ምስሉ ጠቁሮ ከተገለበጠ ሞኒተሩ ቲኤን ነው። ካልተገለበጠ ገጹን ጥቁር አድርጎ በክፍሉ ጥላ ውስጥ ከማዕዘን ይይ፤ አይፒኤስ ከሆነ ጥቁሩ ላይ የብር ወይም የሐምራዊ ጭላንጭል ይታያል። ረጅም ገጽ ለማንበብ ሲል ሞኒተሩን በቁመቱ ሊያዞር የሚያስብ ሰው ቲኤንን ይተው፤ ሲዞር የላይና የታች ጉድለቱ የግራና የቀኝ ይሆናል። በ50 ሴንቲሜትር ርቀት ሁለቱ ዓይኖቻችን አንዱን ነጥብ በ7 ዲግሪ ያህል በሚለያዩ አቅጣጫዎች ስለሚያዩ፣ ግራው ዓይን የሚያየው ግራጫና ቀኙ የሚያየው አንድ አይሆኑም።