አንድ መዝሀብ መያዝ ግዴታ ነው ወይ?

በሱብሒ ሰላት ሻፊዒዩ ቁኑት ሲያደርግ ሐነፊዩ ዝም ብሎ ይቆማል፤ ሁለቱም ግን አንድ ሶፍ ላይ ናቸው። ታዲያ ሙስሊም የግድ ከአራቱ መዝሀቦች አንዱን መያዝ አለበት ወይ? በኔ እይታ ዐረብኛውንና ሐዲሱን በወጉ ላልቀራ ሰው አንዱን ይዞ መማሩ ይሻለዋል። አለዚያማ ከየመዝሀቡ የቀለለውን እየለቀመ የሚከተለው የገዛ ስሜቱን ነው! ግዴታ ነው ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ኢማሙ ሻፊዒ ከኢማሙ ማሊክ ዘንድ ቀርተው በብዙ ጉዳይ ተለይተዋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ820 ግብፅ ውስጥ ከማረፋቸው በፊትም ባግዳድ ሳሉ ከሰጡት ብይን ብዙውን ለውጠዋል። መስራቹ ራሳቸው ማስረጃ ሲያዩ ከለወጡ፣ ተከታያቸው ማስረጃ ቀርቦለት አልለወጥም የሚለው በምን አግባብ ነው? በወሎም ሻፊዒውና ሐነፊው ጎን ለጎን ሲቀራ ኖሯል፤ ደረሳው የሸኹን መዝሀብ ይይዛል፣ ከሌላው ኢማም ኋላም ይሰግዳል።