የክርስትና ስም

ልጆች ሆይ፤ በአገራችን ብዙ ሰው ሁለት ስም አለው። አንደኛው እናትና አባት በቤት የሚያወጡት ነው፤ ሁለተኛው በጥምቀት ቀን የሚሰጠው የክርስትና ስም ነው። ወንድ ልጅ በተወለደ በ40 ቀን፥ ሴት ልጅ በተወለደች በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ። ካህኑ ሕፃኑን አጥምቆ፥ በአንገቱ ማተብ አስሮ ስም ያወጣለታል። ይህ ስም በገበያና በመንገድ ብዙ አይጠራም፤ ዳሩ ግን በቍርባንና በጸሎት ጊዜ ይነሣል፤ ሰው ሲሞትም ፍትሐት የሚደረግለት በዚሁ ስም ነው።

የስሙ ቃል ግእዝ ነው። ገብረ ማለት አገልጋይ፥ ወልደ ማለት ወንድ ልጅ፥ ወለተ ማለት ሴት ልጅ፥ አመተ ማለት ሴት አገልጋይ ማለት ነው። ስለዚህ ገብረ ማርያም የማርያም አገልጋይ፥ ወለተ ሚካኤል የሚካኤል ልጅ ማለት ይሆናል።

የቤተ ክርስቲያን ስም ለታላላቆችም ክብር ነበረ። ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓመተ ምሕረት የጎጃም ንጉሥ በሆኑ ጊዜ ስማቸው ተክለ ሃይማኖት ተባለ፤ ይኸውም የሃይማኖት ተክል ማለት ነው። ከተማቸውም አስቀድሞ መንቆረር ትባል ነበር፤ በኋላ ግን በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ደብረ ማርቆስ ተባለች። ነገር ግን ንጉሥ የተጠራበትን ስም የእረኛ ልጅም ይጠራበታል፤ ጥምቀት ድኻና ባለጠጋ አይለይምና።

በጎጃም ደጋ በአንድ የቆሎ ትምህርት ቤት ሁለት ተማሪዎች ነበሩ። አንደኛው የባለጠጋ ልጅ ነበረ፤ ሁለተኛው ደበሎ ለብሶ፥ ቁራሽ ለምኖ የሚማር ነበረ። አንድ ቀን የባለጠጋው ልጅ፤ «አንተ ለማኝ፥ ከአጠገቤ ተነሥ» ብሎ ሰደበው። ድኻውም እጅግ አዘነ፤ ትምህርቱንም ትቶ ወደ አገሩ ሊመለስ አኮፋዳውን አነሣ።

የኔታም ይህን ሰምተው ሁለቱን ጠሩና፤ «የክርስትና ስማችሁ ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ሁለቱም በየተራ ተናገሩ፤ የሁለቱም ስም በገብረ ይጀምር ነበር። የኔታም የባለጠጋውን ልጅ፤ «ገብረ ማለት ምን ማለት ነው?» አሉት። እርሱም፤ «አገልጋይ ማለት ነው፥ የኔታ» አለ። «እንግዲያስ ሁለታችሁም የአንድ ጌታ አገልጋዮች ናችሁ፤ አገልጋይ በባልንጀራው ላይ ጌታ ሊሆን ይገባዋልን?» አሉት። ልጁም አፍሮ አንገቱን ደፋ። ከዚያም አኮፋዳውን ከባልንጀራው እጅ ተቀብሎ ወደ ስፍራው መለሰው። በማግሥቱም ሁለቱ አብረው ውኃ ቀዱ።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። ስሙን የሚያከብረው ወይም የሚያዋርደው ግን ባለስሙ ራሱ ነው። ተክል በፍሬው እንዲታወቅ፥ አገልጋይም በሥራው ይታወቃል። ስለዚህ፥ ልጆች ሆይ፥ የስማችሁን ትርጓሜ ጠይቃችሁ ዕወቁ፤ ካወቃችሁም በኋላ እንደ ስማችሁ ሁኑ።

ጥያቄ።
1. ደብረ ማርቆስ አስቀድሞ ምን ትባል ነበር?
2. ገብረ ማለት ምን ማለት ነው?
3. የባለጠጋው ልጅ ስለ ምን አፈረ?