ከኮምፒውተር ሞዴል ወደ አናጺ እጅ

በአውቶካድ የሠራነውን ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ ያለው የዴስክ ሞዴል ለአናጺ ለመስጠት ወደ ጠፍጣፋ ሥዕል እንለውጠዋለን። ከሁሉ በፊት ሞዴሉን ፊት ለፊት ወይም በቀጥታ ከላይ እንየው። በአይሶሜትሪክ፣ ማለትም በሰያፍ እይታ ከወሰድነው መስመሮቹ ያጥራሉ፤ 120 ሳንቲ ሜትር የሆነው ጣውላ 98 ያህል ይለካል። አናጺው በዚያ ልክ ከቆረጠ እንጨቱ ባከነ!

ቀጥለን «ፍላትሾት» የሚለውን ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ፊደል እንጽፋለን፤ የተሸፈኑት መስመሮችም በተቆራረጠ መስመር እንዲወጡ እንመርጣለን። ሥዕሉ ተያይዞ እንደ አንድ ነገር ስለሚወጣ «ኤክስፕሎድ» በሚለው ትእዛዝ ስንበትነው እያንዳንዱን መስመር ማረም ይቻላል። በኋላ ሞዴሉን ብንለውጥ ግን ሥዕሉ አብሮ አይለወጥም፤ እንደገና ማውጣት ነው።

አውቶካድ ለሌለን በነፃ የሚገኘው ፍሪካድ «ቴክድሮው» በሚባለው ክፍሉ ይህንኑ ይሠራል።