የሉፐስ አንቲቦዲ ውጤት በምን ቅደም ተከተል ይነበባል?

የሉፐስ አንቲቦዲ ምርመራ የሚታዘዘው ምልክት ሲኖር ነው፤ የመገጣጠሚያ እብጠት፣ በፀሐይ የሚብስ የፊት ሽፍታ፣ የአፍ ቁስል፣ ሽንት ውስጥ የተገኘ ፕሮቲን ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ የደም ሕዋሳት ማነስ። ያለ ምልክት የተሠራ ምርመራ ታማሚን በከንቱ ያስጨንቃል።

በመጀመሪያ የሚታየው ኤኤንኤ ነው። ይህ ምርመራ ሰውነት በገዛ ሕዋሳቱ አስኳል ላይ የሚያመርታቸውን አንቲቦዲዎች በጅምላ ያሳያል። ላቦራቶሪው ሴረሙን እያቀጠነ ሄፕ-2 በተባሉ ሕዋሳት ላይ ያደርገዋል፤ አንቲቦዲው ካለ አስኳሉ በፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ሲያበራ ይታያል። በ2019 የወጣው የአውሮፓና የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ማኅበራት መስፈርት ቢያንስ አንድ ጊዜ 1፡80 የደረሰ ውጤት ይጠይቃል። ኔጋቲቭ ከሆነ ሉፐስ የመሆኑ ዕድል በእጅጉ ይቀንሳል። ፖዘቲቭ መሆኑ ብቻውን ግን ብዙ አይናገርም፤ በዚህ መጠን ጤነኞችም ከመቶ 13 ያህሉ ፖዘቲቭ ሊሆኑ ይችላሉ። አንዴ ፖዘቲቭ የሆነን ኤኤንኤ ደግሞ ማሠራት የገንዘብ ብክነት ነው፤ ቁጥሩ የበሽታውን መባባስ አይከታተልም።

ቀጥሎ ፀረ-ዲኤንኤ እና ፀረ-ኤስኤም ይታያሉ። ኤስኤም በ1966 አንቲቦዲው ከተገለጸባት ታማሚ ስም የተወሰደ ነው፤ የሚገኘው በጥቂቶች ላይ ቢሆንም ሲገኝ ለሉፐስ ጠንካራ ማስረጃ ነው። በክትትል ወቅት የበለጠ የሚጠቅመው ፀረ-ዲኤንኤ ነው። መጠኑ ሲጨምር፣ ሲ3 እና ሲ4 የተባሉት የኮምፕሊመንት ፕሮቲኖች ሲቀንሱ፣ ኩላሊት ሊጠቃ ስለሚችል ሽንት ወዲያው ይመረመራል። ዘዴው ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ ስለሚለያይ ክትትሉ በአንድ ቦታ ቢሆን ይመረጣል። አንዳንዱ ታማሚ ግን ቁጥሩ ከፍ ብሎም ደህና ስለሚሆን መድኃኒት በቁጥር ብቻ አይጨመርም።

ፀረ-ሂስቶን ብቻውን ከጎላ የታማሚው መድኃኒቶች ይጠየቃሉ። ሃይድራላዚንና ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው አይሶኒያዚድ ሉፐስ መሰል ሕመም ሊያስነሱ ይችላሉ፤ ማቋረጡ የሐኪም ውሳኔ ነው።

ፀረ-ፎስፎሊፒድ አንቲቦዲዎች ለብቻቸው ይታያሉ። ከነዚህ አንዱ ‹ሉፐስ አንቲኮአጉላንት› ይባላል፤ ስሙ አሳሳች ነው። በሙከራ ቱቦ ውስጥ የደም መርጋትን ያዘገያል፣ በሰውነት ውስጥ ግን የደም መርጋትንና ተደጋጋሚ የፅንስ መጨንገፍን ያመጣል። ውጤቱ የሚጸናው ቢያንስ ከ12 ሳምንት በኋላ ተደግሞ ፖዘቲቭ ሲሆን ነው።

ሉፐስ ኖሯት ለማርገዝ ያሰበች ሴት ፀረ-ሮ የተባለውን አንቲቦዲ መመርመር ይኖርባታል። አንቲቦዲው በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ ከመቶ 2 ያህል በሚሆኑ እርግዝናዎች የፅንሱን የልብ ምት ያውካል። ስለዚህ ከ16ኛው እስከ 26ኛው ሳምንት የፅንሱ ልብ በአልትራሳውንድ ይታያል፤ ሃይድሮክሲክሎሮኪንም ይመከራል።