ምግቡ ቡፌው ላይ ስንት ሰዓት ቆየ?

በድግስ ማግስት ተረኛ ስሆን ትውከትና ተቅማጥ ይዟቸው የሚመጡ አሉ። "ምን በላችሁ?" ስላቸው፣ ብዙ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ የዋለ ምግብ ነው።

ቤታችሁ ቡፌ ስታዘጋጁ፦

✅ ሁሉንም አንዴ አትደርድሩ። ትንሽ ትንሽ አቅርቡ፤ ሲያልቅ በሌላ ንጹህ ሳህን ተኩ እንጂ በአሮጌው ላይ አትጨምሩ።

✅ ወጥና ሩዝ እሳት ላይ ከ60 ዲግሪ በላይ ትኩስ ሆነው፣ ሰላጣና አይብ ፍሪጅ ውስጥ ከ5 ዲግሪ በታች ሆነው ተራቸውን ይጠብቁ።

✅ ጥሬ ክትፎ ቡፌ ላይ ባይወጣ ይመረጣል። ለነፍሰ ጡር ደግሞ ጭራሽ አይሰጥ።

✅ ከ2 ሰዓት በላይ ውጪ የቆየ አይበላ።

"አሙቀን ብንበላውስ?" ትሉኝ ይሆናል። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ምግቡ ውስጥ የሚተዉት መርዝ በማሞቅ አይጠፋም፤ ሽታውም ጣዕሙም ላይለወጥ ይችላል።

ምግብ መድፋት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ እናቴም አትወድም። መፍትሄው ሳይቆይ ማንሳት ነው፦ በትንንሽ ዕቃ ከፋፍላችሁ ቶሎ ፍሪጅ አስገቡት።

ከታመማችሁ ኦአርኤስ ጠጡ። ደም ከታየ፣ ወይም ልጅ ከደከመና መጠጣት ካቃተው፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም!

መልካም ድግስ፣ መልካም ጤና! ለደጋሾች ሼር አድርጉላቸው 🙏